የቡችላው ምስክር

ፀጉር ሠሪዋ ውሻ ልትገዛ መሆኑን የሰማ ሁሉ ሳቀባት። ይሳቅ፤ ሴትዮዋ ሲሳቅባት የምትሸማቀቅ ዓይነት አይደለችም። ደንበኞቿ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው፣ በመስታወቱ ውስጥ እያዩዋት፣ «ውሻ ከሆነ የፈለግሽው መንገዱ ላይ ሞልቶልሽ የለ እንዴ» ይሏታል። እሷም የያዘችውን ጭንቅላት በሁለት ጣቷ ቀና አድርጋ፣ «ወንድስ መንገዱ ላይ ሞልቶ አልነበር? አንቺ ምነው ስትመርጪ ከረምሽ» ትላለች። ሳሎኑ በሳቅ ያውካካል፤ ነገሩም በዚያው ያልፋል።

ለነገሩ የሚሳቅበት አልነበረም። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ወደ እሷ ሲመጣ የኖረው የሆነ ነገር ሲጎድልበት ነው። ፀጉሯ የሳሳባት ትመጣለች፤ ቀለም ተቀብታ የተበላሸባት ትመጣለች፤ ሌላ ቤት ተቆርጣ እንባዋን እየጠረገች የምትገባም አለች። እሷ ትሸፍናለች፣ ትሞላለች፣ ታስተካክላለች፣ አሳምራ ትሸኛለች። ማታ ቤቷ ስትገባ ክንዷ ይዝላል፤ ዓይኗ ግን ሥራ አይፈታም። መጋረጃው ተዛብቶ ያያል፣ የምንጣፉ ጫፍ ተቀልብሶ ያያል። ታዲያ አንድ ምሽት ቴሌቪዥን ስትከፍት የውሻ ትርዒት ላይ ደረሰች። ፀጉሩ እንደ ሐር የሚንዠረገግ ውሻ በሰፊ አዳራሽ ውስጥ ይራመዳል፤ ዳኛው ጥርሱን ያያል፣ ትከሻውን ይዳብሳል፣ ጀርባውን በመዳፉ ይለካል፣ እንከን ፈልጎ ፈልጎ ያጣል። የያዘችው ሻይ እጇ ላይ ቀዘቀዘ። ከእናቱ ሆድ ተሟልቶ የወጣ፣ ምንም የማይቀጠልለት፣ ምንም የማይነቀስለት አንድ ነገር የራሷ ቢኖራት ብላ ተመኘች። ምኞቱ እንደ ቀልድ ገብቶ ልቧ ውስጥ ተደላድሎ ተቀመጠ።

እንዲህ ዓይነቱ ውሻ ደግሞ እንደ ሽንኩርት ገበያ ወጥቶ አይሸመትም። ከከተማው ጫፍ፣ ያንን ዘር ከወጣትነቷ ጀምራ ስታረባ የኖረች ሴት አለች። ከእሷ ቤት የወጣ ውሻ ትርዒት ሜዳ ላይ ሲወርድ የሌሎቹ ባለ ውሾች ፊት ይጠቁራል ይባላል። ፀጉር ሠሪዋ ደወለችላት። አርቢዋ «ተራሽን ጠብቂ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ጠበቀች። ስትደውል ነፍሰ ጡር የነበሩ ደንበኞቿ ወልደው፣ ልጆቻቸው ድክ ድክ እያሉ ሳሎኗን ማተራመስ ሲጀምሩ ስልኩ ጮኸ።

«ቡችሎች አሉ» አለች አርቢዋ፣ ሰላምታ የሚባል ነገር ሳታስቀድም። «አንዱ ለትርዒት የሚበቃ ይመስለኛል። ስትመጪ ምስክር ይዘሽ ነይ።»

«የምን ምስክር፣ እትዬ?»

«ያሳደግሽው ሰው። ካልሆነም ያሳደገሽ። አንድ ጣሪያ ሥር አብሮሽ የኖረ። ጓደኛ አይሆንም፤ የሥራ ባልደረባ አይሆንም፤ ደንበኛማ ጭራሽ እንዳታመጪብኝ።» ትንሽ ሳለችና ቀጠለች። «ሰው ውሻ ሊገዛ ሲመጣ ስለ ራሱ የሚያወራውን ሰምቼ ጠግቤያለሁ። ለትርዒት የሚበቃውን እኔ ነኝ የምሰጠው፤ የምሰጠውም ምስክሩን ከሰማሁ በኋላ ነው። ምስክሩ ካላማረኝ ሻይሽን ጠጥተሽ ትሄጃለሽ።»

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ መጣ። ፀጉር ሠሪዋ እናትም አባትም የሏትም፤ ባሏም ካረፈ ሰንብቷል። አንድ ጣሪያ ሥር አብሯት የኖረ በሕይወት ያለ ሰው ቢኖር አንዲት ልጇ ናት። ልጅቷ ሆስፒታል ውስጥ ራጅ ታነሳለች፤ ሁለት ዓመት ይሆናታል የራሷን ቤት ተከራይታ ከወጣች። ትደውላለች፤ አልፎ አልፎም ብቅ ብላ ሻይ ጠጥታ ትሄዳለች። እናቷን ግን ቤቷ ጠርታት አታውቅም። ዕቃ ያስገባች ዕለት አብረው ዋሉ፤ ከዚያ ወዲያ «ነይ» የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። ሰው ሲጠይቃት እናት «ሥራ እኮ ነው፣ ሆስፒታል መች እረፍት ይሰጣል» ትላለች። ቶሎ ነው የምትለው፤ ሌላ ጥያቄ እንዳይከተል።

ደወለችላት።

«እኔ? ስለ አንቺ?» አለች ልጅቷ።

«ታዲያ ሌላ ማንን አሳድጌያለሁ?»

«ምን ብዬ ነው የምመሰክረው?»

«እውነቱን ነዋ፣ ምን ትያለሽ ታዲያ።»

ልጅቷ ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «እሺ፣ እሁድ ከሥራ ውጭ ነኝ» አለች።

እሁድ ጠዋት እናት በአሮጌ መኪናዋ ልጇን ከመንገድ ዳር አነሳቻት። ልጅቷ ገብታ በሩን ሳትዘጋ የእናት እጅ ኮሌታዋ ላይ ደርሷል። «ተገልብጧል» አለች፣ እየመለሰችው። ከዚያ ጆሮዋ ሥር ያመለጠችውን ዘለላ ወደ ኋላ አደረገችላት። ከዚያ ትከሻዋ ላይ ያለውን ክር አነሳች። ልጅቷ እስክትጨርስላት ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ ጠበቀች፤ ስትጨርስላት ቀበቶዋን አሰረች። ጥሩ አየር ነው፣ መንገዱ ነጻ ነው፣ እያሉ ስለ ሰማዩ ስለ ምድሩ ሲያወሩ ሄዱ።

የአርቢዋ ግቢ ውሃ ተርከፍክፎበት ገና አልደረቀም። የሳሙናና የእርጥብ ፀጉር ሽታ ተቀበላቸው፤ ፀጉር ሠሪዋ ይህን ሽታ እንደ ቤቷ ታውቀዋለች፣ ልቧ ረጋ አለ። አርቢዋ ቀጭን ረጅም አሮጊት ናት፤ የጎማ ቦት ተጫምታለች። ፀጉሯን ራሷ በራሷ እንደቆረጠችው ከሩቅ ያስታውቃል፤ ግራው ከቀኙ ጋር አይነጋገርም። ፀጉር ሠሪዋን እጇን በላት። አንገቷን ደፍታ ሰላም አለቻት እንጂ ስለ ፀጉሩ አልተነፈሰችም።

የገቡበት ክፍል ሳሎን ልትሉት ትችላላችሁ፤ የውሻ ሳሎን። ላስቲክ የተነጠፈበት ከፍ ያለ ጠረጴዛ አለ፣ በእግሩ የቆመ ማድረቂያ አለ፣ ግድግዳው ላይ ማበጠሪያዎች በመጠናቸው ተሰቅለዋል። መቀስ የለም። ፀጉር ሠሪዋ መጀመሪያ ያየችው ይህንኑ ነው። የዚህ ዘር ፀጉር ከተወለደ እስኪሞት እንደማይቆረጥ ታውቃለች፤ ወረፋ ስትጠብቅ ስለዚህ ዘር ያላነበበችው ነገር የለም።

አርቢዋ ቡችላውን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። ከወንድሞቹ እንዲለይ አንገቱ ላይ ቀይ ክር ታስሮለታል። አንድ እጇን አገጩ ሥር፣ ሌላውን ጭራው ሥር አድርጋ ያዘችውና ቀስ ብላ ለቀቀችው። እንደቆመ ቀረ። ሌላ ቡችላ ቢሆን ይቀመጣል፣ ያለቅሳል፣ የጠረጴዛውን ጫፍ ያኝካል። ይኼኛው ግን አራት እግሩን ተክሎ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ «እና ምን ይጠበስ» በሚል ዓይን አያቸው።

«እዪ» አለች አርቢዋ። ከንፈሩን ገለጥ አድርጋ የላይና የታች ጥርሱ እንዴት እንደሚገጥም አሳየቻት። ትከሻው ወደ ኋላ እንዴት እንደተኛ፣ ጀርባው እንዴት እንደ ጣውላ ቀጥ እንዳለ፣ ጭራው ከየት እንደሚነሳ በጣቷ እየተከተለች አሳየቻት። «ቡችላ ተስፋ ነው፤ ሲያድግ ምን እንደሚሆን እግዜር ያውቃል። እኔ ግን እንዲህ ሆኖ የተወለደ ካየሁ ቆየሁ።»

ፀጉር ሠሪዋ አየች። እንደ ልማዷ እንከን ፈለገች። ዓይኗ ከጆሮው እስከ ጥፍሩ ሄዶ ተመለሰ፤ የሚይዘው አጣ። እንዲህ ያለ ደስታ ከየት እንደመጣባት አላወቀችም። «ምንም የለውም» አለች በሹክሹክታ።

«እሱን እኔም አውቃለሁ» አለች አርቢዋ። ቡችላውን አቀፈችና ወደ ልጅቷ ዞረች። «ነይ እስቲ፣ እኔና አንቺ ውጭ እናውራ። አንቺ ደግሞ» አለች ለእናትየዋ፣ ብሩሽ እያቀበለቻት፣ «እሜቴን አበጥሪልኝ። የዚህ አያት ናት። በሚቀጥለው ወር ለመጨረሻ ጊዜ ትርዒት ትወጣለች፣ ከአሮጊቶቹ ጋር። ከዚያ በጡረታ ትቀመጣለች፤ እንደ እኔ።»

እሜቴ ከጥጓ ተነስታ በዝግታ መጣች። የጎኗ ፀጉር ወለሉን እየጠረገ ነው የምትሄደው። ፀጉር ሠሪዋ ተሸክማ ጠረጴዛው ላይ አወጣቻት፤ ብሩሹን ይዛ ጀመረች።

መስኮቱ ወደ ግቢው ያሳያል። አርቢዋና ልጅቷ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ቡችላው በመካከላቸው ነው። አርቢዋ አንድ ነገር ጠየቀች። ልጅቷ ቡችላው የአርቢዋን ቦት ሲያኝክ እያየች ብዙ ዝም አለች። እናት ከመስኮቱ ወዲህ ሆና ድምፅ አይሰማትም፤ የምታየው የልጇን የጎን ፊት ብቻ ነው። «ምን ስታስብ ነው ይሄ ሁሉ ዝምታ?» አለች ለራሷ። ከሰው አሳንሼ አላሳደግኳት። የተቀደደ አልብሻት አላውቅም። አንድ ቀን ሳላበጥራት ከቤት ወጥታ አታውቅም። ታዲያ አንዲት ደግ ቃል ለማውጣት ይህን ያህል ማማጥ ምንድን ነው? ቡችላው የሚገኘውም የሚቀረውም በዚያች ልጅ አፍ ነው፤ እሷ ደግሞ እዚህ በመስታወት ተጋርዳ የአሮጊት ውሻ ጎን ታበጥራለች።

እጇ ሥራ ይፈልግ ነበር። እሜቴን በአንድ ወገን አበጥራ ጨርሳ በሌላው ዞረች፤ ዞራም አየች። በግራ በኩል ያለው ፀጉር አጠር፣ ሳሳ ብሏል፤ የቀኙ ረዝሟል። ጠርዙ ወጣ ገባ ነው። ከግራው ጋር ለማስተያየት ጎንበስ አለች። አንዲት ዘለላ ከሁሉም በልጣ ተንጠልጥላለች፣ እንደተረሳች ክር።

ሌላ ሴት ቦርሳዋ ውስጥ ሊፕስቲክ እንደምትይዘው ፀጉር ሠሪዋ መቀስ ትይዛለች፤ በጨርቅ ጠቅልላ። መቼ ከቦርሳዋ እንዳወጣችው ብትጠይቋት አትነግራችሁም። ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነበር። ያቺን ዘለላ ጫፏን ብቻ ነካ አደረገቻት። ታዲያ ጎረቤቷ ረዘመች። እሷን ነካ አደረገቻት። ፀጉር ቆርጦ የሚያውቅ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል፤ አንዱን ስታስተካክለው ሌላው ይጮሃል። ግቢው ውስጥ ልጅቷ አንገቷን ቀና አድርጋ አንዲት አጭር ቃል ተናገረች፤ አርቢዋ አየቻት፣ ቆየችና ራሷን ነቀነቀች። እናት እፎይ ብላ ዓይኗን ወደ ጠረጴዛው መለሰች።

ክው አለች።

ወለል ይጠርግ የነበረው ፀጉር በግራም በቀኝም በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከጠረጴዛው ጣት በሚያህል ከፍ ብሏል። ሥራው ያምራል፤ እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ጠርዝ ሠርታ አታውቅም። እሜቴ ምንም እንዳልሆነ ቆማ ታያታለች። ላስቲኩ ላይ፣ ጫማዋ ላይ፣ ወለሉ ላይ የሐር ፀጉር ፈሷል።

መቼም ሰው ነችና የመጀመሪያ ሐሳቧ መሸፈን ነበር። ሙያዋ ነው። ቁራጩን ሰብስቦ ቦርሳ ውስጥ መክተት፣ የጎኑን ፀጉር ከላይ ወደ ታች አፍታትቶ ማበጠር፣ ጠርዙን በጣት በትኖ ማለስለስ። እስከ ማታ ማንም አያውቅም፤ እስከ ማታ ደግሞ ቡችላው መኪናዋ ውስጥ ነው። ጎንበስ ብላ ፀጉሩን ሰበሰበች። ሁለት እፍኝ ሞላ። ቦርሳዋን ከፈተች፤ ከዚያ ቆመች። እነዚያ ሁለቱ እኮ አሁን ውጭ የሚያወሩት ስለ እሷ ነው። ልጇ መስክራላታለች፤ ያንን ምስክር በውሸት አታበላሽም። ፀጉሩን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ እሜቴ እግር ሥር ከመረችው፤ መቀሱንም አጠገቡ አስቀመጠችና እጇን አጣጥፋ ጠበቀች።

አርቢዋ ቡችላውን አቅፋ ገባች፤ ልጅቷ ተከትላታለች። አሮጊቷ ፊቷ ፈታ ብሎ ነበር። «ምስክርሽ ጥሩ ሴት ናት፤ እንግዲህ...» አለችና አየች።

አርቢዋ ቡችላውን ለልጅቷ አቀበለቻት። ወደ ጠረጴዛው ቀረብ ብላ መዳፏን እሜቴ ጀርባ ላይ አሳረፈችና በጎኗ ወደ ታች ወረደች፤ እጇ ፀጉሩ ያለቀበት ቦታ ሲደርስ ባዶ አየር ላይ ቀረ። እንደገና ከላይ ጀመረች። ያው ነው።

«እትዬ፣ አጠፋሁ» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «እንደማይቆረጥ አውቃለሁ። ሰበብ የለኝም። አንዱ ወገን ረዝሞ ታየኝ።»

«ረዝሞ ነበር» አለች አርቢዋ፣ ዓይኗን ከውሻዋ ሳታነሳ። «የምትተኛው በግራ ጎኗ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ። ግራው ሲታሽ ያጥራል። ዳኞቹ ሁሉ ያውቁታል፤ ሜዳ ላይ ስትወጣ ‹እሜቴ ደህና ተኝታ አደረች› እያሉ ይቀልዱባታል።» ቁራጩን ፀጉር አንስታ በጣቶቿ መሃል አሳለፈችው። «ይህ ለመመለስ ከዓመት በላይ ይፈልጋል። እሷ ደግሞ...» አልጨረሰችውም።

ፀጉር ሠሪዋ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጣት በወደደች። ልጇን ቀና ብላ ለማየት አቅም አጣች።

አርቢዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስትናገር አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ለፀጉር ሠሪዋ ይቀልላት ነበር። «ምስክሮችን አንዲት ጥያቄ ብቻ ነው የምጠይቀው። ‹በእሷ እጅ ስታድጊ ምን ከበደሽ?› እላለሁ። ልጅሽ ብዙ አሰበችና ‹ምንም› አለችኝ። ‹ምንም› የሚል ሰው ወይ ይፈራል፣ ወይ ይወዳል። የምትፈራ አልመሰለችኝም። ስለዚህ ቡችላውን ላስረክብሽ ተነሳሁ።» ወደ ልጅቷ ዞረች። «አሁን እሷው ባለችበት ደግሜ ልጠይቅሽ። ምን ከበደሽ?»

«እማማ፣ ይቅር» አለች ልጅቷ ለአርቢዋ።

«አይቀርም። ውሻዬን አየሻት አይደል?»

ልጅቷ ቡችላውን ደረቷ ላይ አስጠጋችው። ከዚያ ለአርቢዋ ሳይሆን ለእናቷ ተናገረች።

«ቤት የገባሁ ዕለት ትዝ ይልሻል? ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ የወጥ ቤቱን ዕቃ ሁሉ አውርደሽ፣ አጥበሽ፣ እንደገና ደርድረሽዋል። ከእኔ በተሻለ ነው የደረደርሽው፤ አልዋሽም። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሻይ ልጠጣ ብዬ ሲኒዬን አጣሁት። በገዛ ቤቴ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ የራሴን ሲኒ ፍለጋ ቁም ሳጥን ለቁም ሳጥን ስዞር አለቀስኩ። አየሽ፣ ቂል ነኝ። ለሲኒ ይለቀሳል? ግን ከዚያ በኋላ ‹ነይ› ማለት አልሆንልኝ አለ።»

ልጅቷ ቡችላውን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረችና ቀጠለች።

«መስታወት ሳይ በአንቺ ዓይን ነው የማየው፣ እማዬ። መጀመሪያ የጎደለኝን ነው የማየው። ኮሌታዬን፣ ፀጉሬን፣ ወገቤን። የተመቸኝ ቀን ለራሴ ‹ጥሩ ነሽ› ብዬ እወጣለሁ፤ መኪናሽ ውስጥ ስገባ ያልቃል። እንደምትወጂኝ አውቃለሁ። እሱ ቢጠፋኝ ኖሮ ይቀልል ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች እናት። እንባዋ ወርዶ ነበር፤ አልጠረገችውም።

«ብነግርሽ ታስተካክይው ነበራ።»

ፀጉር ሠሪዋ ይህን ስትሰማ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። ለሁለት ዓመት «ሥራ ይዟት ነው» ስትል የኖረችው ነገር ይህ ነው። ሥራ አይደለም። እሷ ናት፤ የገዛ እጇ ነው። ሰው ሁሉ «እጅሽ ይባረክ» የሚላት እጅ። ዞር ብላ እሜቴን አየች፤ ልጇንም አየች፤ ኮሌታዋ እንደገና ተገልብጧል፣ በቡችላው መዳፍ። እንደተገለበጠ ተወችው።

«እትዬ» አለች በመጨረሻ፣ «ቡችላውን ለእኔ አይስጡኝ።»

«መቼ እሰጥሻለሁ አልኩ?» አለች አርቢዋ።

እንዲያ ባለ ጭንቅ ውስጥ እንኳ ልጅቷ ልትስቅ ምንም አልቀራትም። ቡችላውን ዝቅ ብላ አየችው። እሱ ደግሞ የሹራቧን ቁልፍ አፉ ውስጥ ከቶ በሥራ ተጠምዷል።

«ለእኔስ?» አለች።

«ለአንቺ ምን?»

«ለእኔ ይሰጡኛል?»

አርቢዋ ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ ጠረጴዛ ላይ እንዳቆመቻት ሁሉ። «ውሻ ትወጃለሽ?»

«እኔ እንጃ። ኖሮኝ አያውቅም። ማበጠርም አላውቅም፤ ይህ ፀጉር ደግሞ በየሳምንቱ የሚያበጥረው ሰው ይፈልጋል።» ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፤ እናቷን አላየችም። «የሚያበጥርልኝ ሰው ቤቴ መምጣት ይኖርበታል። ባዶ እጁን። ማበጠሪያው ከእኔ ነው።»

እናት ትንፋሿን ዋጠች።

«ይኼ ውሻ ለሶፋ አይደለም የተወለደው» አለች አርቢዋ። «ሜዳ መውጣት አለበት። ማን ነው ይዞት የሚወጣው?»

«እሷ።»

«ሜዳ ላይ ይዞ የሚወጣ ሰው ሥራው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ማቆምና እጅን ማንሳት ነው። ዳኛው እጁን ሲያሳርፍበት፣ አንዷ ፀጉር እንኳ ብትዛባ ቆሞ ማየት። ለዚህች ሴት ከሞት ይከብዳታል።»

«ትማራለች።»

«ካልተማረችስ?»

«እነግራታለሁ» አለች ልጅቷ። «እስካሁን ያልነገርኳት እኔ ነኝ። በዚህ በኩል የእኔም ጥፋት አለበት።»

አርቢዋ ተነስታ እሜቴን ከጠረጴዛው አወረደቻት፤ አሮጊቷ ውሻ ወደ ጥጓ ሄዳ በግራ ጎኗ ተኛች። አርቢዋ የቡችላውን የዘር ሐረግ ወረቀት አምጥታ በባለቤቱ መስመር ላይ የልጅቷን ስም ጻፈች። ከዚያ ወደ ፀጉር ሠሪዋ ዞረች።

«መቀስ የነካው ዕለት መጥቼ እወስደዋለሁ። ይህ አንድ። የእሜቴን ነገር ደግሞ ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ አልዋሽሽም። ምናልባት ሌላ ጊዜ። ዛሬ አይደለም።»

«እንደዚያ ይሁን፣ እትዬ» አለች ፀጉር ሠሪዋ። መቀሷን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች፤ በጨርቁ ጠቅልላ ቦርሳዋ ታች ከተተችው። ይቅርታ እንደገና ልትጠይቅ ፈልጋ ተወችው፤ ሴትዮዋ መስማት የምትፈልግ አትመስልም ነበር።

ሲመለሱ እናት ትነዳለች፤ ልጅቷ ቡችላውን ጭኗ ላይ አድርጋዋለች። ፀጉር ሠሪዋ ልቧ ውስጥ ሐዘንና ደስታ ተደባልቆባታል። እንከን የሌለው ነገር የራሷ እንዲኖራት ነበር የተመኘችው። አሁን ከአጠገቧ ተቀምጧል፤ የእሷ አይደለም።

አደባባዩን ሲዞሩ ቡችላው ተንገሸገሸና የልጅቷ ቀሚስ ላይ አስመለሰ።

እናት አየች። በበሩ ኪስ ውስጥ እርጥብ ሶፍት አለ። እንዴት እንደሚጠረግም ታውቃለች፤ ከዳር ወደ መሃል ነው፣ አለዚያ ይሰፋል። ልጅቷ የሹራቧን እጅጌ ስባ ከመሃል ወደ ዳር አዳረሰችው። ሰፋ። «ምስኪን፣ መኪና አልለመደም» አለች፣ ቡችላውን እያሻሸች። እናት መሪውን በሁለት እጇ ጭምቅ አድርጋ ይዛ መንገዱን አየች። «ሶፍት በበሩ ኪስ ውስጥ አለ» አለች ብቻ።

«አመሰግናለሁ» አለች ልጅቷ፤ ሶፍቱን ግን አላወጣችም።

ጥቂት ሄዱ።

«ቅዳሜ ልምጣ?» አለች እናት።

«ነይ።»

«ስንት ሰዓት ይመችሻል?»

ልጅቷ ዞር ብላ አየቻት። ፀጉር ሠሪዋ ልጇን እንዲህ ብላ ጠይቃት እንደማታውቅ ያን ጊዜ ገባት፤ «መጣሁ» ነበር የምትለው።

«ከአራት ሰዓት በኋላ» አለች ልጅቷ። «ቅዳሜ እስከዚያ ድረስ እተኛለሁ።»

«ቀኑ ግማሽ እስኪሆን ምን ያስተኛል?» የሚለው የእናት ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጠችው።

«እሺ» አለች። «ከአራት ሰዓት በኋላ እመጣለሁ።»